የካዛንቺስ ድንች ለምን አልተወደደም

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ቀን ነው፤ ተረከዘ ረጅም ጫማ አድርጌ። ቢሮ ተቀምጬ ማኅተም የምመታ መስሎኝ ነበር። አለቃዬ አቶ ሰይፉ ግን ጠረጴዛቸው ላይ መንጠቆ ያለው የእጅ ሚዛን፣ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ እርሳስ፣ ላጲስና አንድ ወፍራም ቅጽ ደርድረው ጠበቁኝ። ጫማዬን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ሚዛኑን አንስተው አንገቴ ላይ አንጠለጠሉልኝ።

ሥራው ዋጋ መሰብሰብ ነው። በየወሩ በተወሰኑ ቀናት፣ ከተወሰኑ ሱቆች፣ ያንኑ ዕቃ በዚያው መጠንና በዚያው ጥራት ጠይቆ መመዝገብ። ባለፈው ወር የተጠየቀው ሳሙና ሰማያዊ መጠቅለያ ከነበረው በዚህም ወር የሚጠየቀው ሰማያዊው ነው። ቀዩ ይሻላል፣ ይረክሳል፣ ይሸታል የሚለው የእኛ ጉዳይ አይደለም። «ከቂርቆስ እስከ ካዛንቺስ ያለው የአንቺ ነው» አሉኝ አቶ ሰይፉ። ርስት የተሰጠኝ ያህል ደስ አለኝ።

ላጲሱ ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ስሜን ስሳሳት ላጠፋበት እንደሆነ ነገሩኝ። ዋጋ ግን አይጠፋም፤ ከተሳሳትኩ በአንድ መስመር ሰርዤ ትክክለኛውን ከጎኑ እጽፋለሁ፣ ስህተቱም እንዲታይ ይቀራል። ያን ቀን በጣም አክራሪ ሰው መስለውኝ ነበር።

የመጀመሪያው ሱቅ ባለቤት ሚዛኔንና ቅጼን ሲያይ ከግብር የመጣሁ መሰለው። ስኳር ስንት ነው አልኩት፤ የለም አለኝ። ዘይትስ? የለም። ከኋላው እስከ ጣሪያ የተደረደረ ዘይት ይታየኛል። ያ ምንድን ነው ስለው «የእህቴ ነው» አለኝ። ምን እንደማደርግ ጠፋኝና ቅጹ ላይ አስተያየት በሚለው ቦታ «ዘይቱ የእህቱ ነው ይላል» ብዬ ጻፍኩ። አቶ ሰይፉ ማታ ቅጼን ሲያነቡ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። ከዚያ በኋላ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያልተገኘ ዕቃ ሁሉ «የእህቱ» ይባል ጀመር።

በማግስቱ አቶ ሰይፉ ምሳ ሲበሉ ነገሩን አስረዱኝ። የሀገሩን ሰው ሁሉ አንድ ትልቅ ቤተሰብ አድርጊው አሉኝ። ይህ ቤተሰብ በየወሩ አንድ ቅርጫት ይሞላል፤ ጤፍ፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ የቤት ኪራይ፣ የታክሲ፣ የፀጉር ቤት። ምን ያህሉ ገንዘብ በየትኛው ዕቃ ላይ እንደሚወጣ ቀድሞ ቤት ለቤት ተጠንቷል፤ ለዚህ ነው ጤፍ በቅርጫቱ ውስጥ ከባድ፣ ክብሪት ቀላል የሆነው። ክብሪት በእጥፍ ቢወደድ ቅርጫቱ አይነቃነቅም። ጤፍ ትንሽ ፈቀቅ ካለ ግን ቅርጫቱ ሁሉ ይናጋል። ከዚያ የዛሬው ቅርጫት ዋጋ መነሻ ተብሎ ከተያዘው ጊዜ ዋጋ ጋር ይነጻጸራል፤ በዜና የምንሰማው የዋጋ ንረት ከዚያ ይወጣል። ይህን ሲነግሩኝ ሽሮዬን መብላት ረስቼ ነበር። ያቺ የእኔ እርሳስ እስከ ዜናው ድረስ እንደምትደርስ ሳውቅ ለእናቴ ልነግራት ቸኮልኩ።

የማላውቀውን ሁሉ ያወቅሁት በዚህ ሥራ ነው። የወንድ ፀጉር ስንት እንደሚስተካከል፣ የሕፃን ጫማ በስንት ቁጥር እንደሚጀምር፣ ቄራ አካባቢ ሥጋ ቤቶች በጾም ወራት ሲዘጉ የሥጋ ዋጋ ቅጹ ላይ እንዴት እንደሚያዝ። በር ላይ የተለጠፈውን ዋጋና ጠይቄ የተነገረኝን ዋጋ ለይቼ መያዝ ለመድኩ። ተረከዘ ረጅሙን ጫማ ለእህቴ ሰጠኋት።

በዝርዝሩ ውስጥ ጠጅም አለ፣ በብርሌ። ስለዚህ በየወሩ በተመሳሳይ ቀን፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ነጠላዬን ደርቤ ካዛንቺስ ጠጅ ቤት እገባለሁ፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ እወጣለሁ። የንስሐ አባቴ ደግሞ በዚያ መንገድ ያልፋሉ። ሦስት ወር ሙሉ አይተው ዝም አሉ። በአራተኛው ወር መንገድ ላይ አስቁመው ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ። ሚዛኔንና ቅጼን አሳይቼ ለመንግሥት ዋጋ እንደምሰበስብ አስረዳኋቸው። ጥቂት አሰቡና ዝቅ ባለ ድምፅ «ለመሆኑ ስንት ገባ?» አሉኝ። የአንድ ሱቅ ዋጋ ምስጢር ነው አልኳቸው። ባርከውኝ ሄዱ።

ከሁሉም ቦታ የምወደው ግን የካዛንቺስን ጉሊት ነበር። አሥር የማይሞሉ ሴቶች በሰልፍ ጃንጥላ ተክለው ድንች፣ ቲማቲም፣ ሽንኩርት በማዳበሪያ ከረጢት ላይ የሚዘረጉበት የመንገድ ዳር ነው። እዚያ ኪሎ የለም፤ መደብ ነው። ሰባት ድንች ተቆልሎ አንድ መደብ፣ ዋጋው ይህን ያህል። የጉሊት ዋጋ የሚደበቀው እዚህ ላይ ነው። ድንች ሲወደድ የመደቡ ዋጋ ያው ሆኖ ይቆይና ድንቹ ከሰባት ወደ ስድስት፣ ከስድስት ወደ አምስት ይወርዳል። ዋጋ ብቻ ጠይቆ የሄደ ሰብሳቢ ምንም አልጨመረም ብሎ ይጽፋል። ለዚህ ነው ሚዛን የምንይዘው፤ መደቡን መዝነን ወደ ኪሎ እንቀይራለን።

የሰልፉ አውራ እትዬ ወርቄ ነበሩ። ድንች ይሸጣሉ። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ጃንጥላቸው ከሁሉም ሰፊ የሆነ ሴት። መጀመሪያ ሰሞን ሚዛኔን ሲያዩ «እኔ ድንች ሰርቄ ነው ወይ የምትመዝኚኝ?» ብለው ተቆጥተውኝ ነበር። ከዓመት በኋላ ግን ልጄ ማለት ጀመሩ። ያገባሁ ጊዜ አንድ ከረጢት ድንች ላኩልኝ። ከጥጉ ላይ ሽንኩርት የምትሸጠው ሴት ከሩቅ ስታየኝ «ባለሚዛኗ መጣች!» ብላ ትጮኻለች፤ ድምፁ ከአንዷ ወደ አንዷ እየተላለፈ እስከ ሰልፉ መጨረሻ ይደርሳል። ለክብሬ የሚታወጅ መስሎኝ ቀና ብዬ ነበር የምራመደው። ለመሥሪያ ቤቱ አዳዲስ ልጆች ሁሉ፣ ሥራችሁን ከወደዳችሁት ገበያው ይወዳችኋል እያልኩ እመጻደቅ ነበር።

እንዲህ እያልን ዓመታት ሄዱ። አቶ ሰይፉ ጡረታ ወጡ። ወፍራሙ ቅጽ ቀረና ታብሌት መጣ፤ ሚዛኑም ቁጥር የሚያሳይ ሆነ። እኔ ጡረታዬ ሦስት ዓመት ሲቀረው ሃና የምትባል ወጣት ሱፐርቫይዘር ተመደበችልን። ጎበዝ ናት፣ ፈጣን ናት፣ ስትናገር ግማሹ እንግሊዝኛ ነው። ወደድኳት። አንድ ቀን ጠርታ ላፕቶፗን ወደ እኔ አዞረችው። ስክሪኑ ላይ ወደ ላይ የሚወጡ መስመሮች አሉ፤ አንዷ ግን እንደ ጠረጴዛ ጋደም ብላለች።

«ማለቴ፣ አይቀየሙኝ እትዬ ሰናይት» አለች ሃና። «ድንች በሁሉም ገበያ እየጨመረ ነው። የእርስዎ ካዛንቺስ ብቻ ሰባት ወር ፍላት ነው። ክብደቱ እንኳ አልተነቃነቀም። በእውነት ሄደው ነው የመዘኑት?»

በሙያችን ከዚህ የከፋ ጥያቄ የለም። ወንበር ላይ ሞላች ይባላል፤ ገበያ ሳትወጣ ሻይ ቤት ተቀምጣ ያለፈውን ወር ቁጥር ገለበጠች ማለት ነው። ሌባ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። ስንት ዝናብ፣ ስንት ፀሐይ፣ ስንት ብርሌ አይቼ! ጆሮዬ ድረስ ጋለና ምን እንደተናገርኩ ዛሬ አላስታውሰውም፤ ቢሮው ውስጥ ያሉት ሁሉ ግን ጽሕፈታቸውን አቁመው ነበር። ሃና ረጋ ብላ ሰማችኝና በሚቀጥለው ዙር አብራኝ እንደምትወጣ ነገረችኝ። ሄጄ እንደመዘንኩ ካልተረጋገጠ የሰባቱ ወር መረጃ ይሰረዛል፣ እኔም ከመስክ ወጥቼ መዝገብ ቤት እቀመጣለሁ። የቀረኝን ሦስት ዓመት አቧራ እያራገፍኩ ልጨርስ ነው። ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ ስነግረው አለቀስኩ።

ቀኑ ደረሰ። ከሃና ጋር ከታክሲ ወርደን ወደ ጉሊቱ ስንጠጋ ያቺ የሽንኩርት ሴት ባለሚዛኗ መጣች ብላ ጮኸች፤ ቀጥላም «ሁለት ሆነው ነው!» አለች። ስንደርስ እትዬ ወርቄ ተነሥተው ሳሙን። ለሃና የሚቀመጡበትን ሣጥን በጨርቅ ጠርገው አቀረቡላት። ሃና የምትቀመጥበት ጊዜ አልነበራትም፤ ሚዛኑን ከእጄ ወስዳ ራሷ መዘነች። የእትዬ ወርቄን መዘነች፣ የሁለተኛዋን መዘነች፣ የሦስተኛዋን መዘነች። ከዚያ ሚዛኑን ገልብጣ ባትሪውን አየች።

የካዛንቺስ ድንች ካለፈው ወርም ረክሶ ተገኘ።

ደስታዬን ምን ልበላችሁ! ልዘል ምንም አልቀረኝ። ስሜ ነጻ ወጣ። ወደ ታክሲው ስንመለስ የማወራው እኔ ነኝ፤ ሃና ቁጥሮቹን ደጋግማ ታያለች። እኔማ ምክንያቱንም አገኘሁለት፤ ካዛንቺስ ሆቴል ስለሚበዛበት ነው፣ ለሆቴል የመጣ ትርፍ ነው፣ ጫኙ ዘመዳቸው ሊሆን ይችላል እያልኩ አንድ ኢኮኖሚስት የማይለውን ሁሉ አልኩ። ታክሲው በር ላይ ስንደርስ እጄ ባዶ ነው። ሃና የመለሰችልኝን ሚዛን እትዬ ወርቄ ጃንጥላ ዘንግ ላይ አንጠልጥዬው መጥቻለሁ።

ስንመለስ የሽንኩርቷ ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ነበርና አልጮኸችም። እትዬ ወርቄ ጎንበስ ብለው ከመደባቸው ላይ ድንች እያነሱ ወደ ከረጢቱ ይመልሳሉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከጎናቸው ያሉትም እንዲሁ። ቅድም ስምንት የነበረው መደብ አምስት ሆኖ ተቀምጧል። ሰልፉ ሁሉ በአንድ ላይ ሲቀንስ የድግስ ማግስት ዕቃ የሚሰበስቡ ይመስሉ ነበር።

እትዬ ወርቄ ቀና ሲሉ አዩን። እጃቸው ላይ አንድ ድንች አለ። መልሰው መደቡ ላይ አስቀመጡት፤ ከዚያ እንደገና አነሱት።

ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንደሆነ የጠየቀቻቸው ሃና ናት። ድንች መወደድ ከጀመረ ወዲህ ነው አሉ፤ መደቡ ቀጭን መሆን ከጀመረ ወዲህ። ያ ባለሚዛኗ መጣች የሚለው ጩኸት ከዚያ ወዲህ የእኔ ክብር ሳይሆን ጨምሩ የሚል ምልክት ነበር። ሰባት ወር ሙሉ እኔ ከጥጉ ተነሥቼ እነሱ ጋ እስክደርስ ይጨምራሉ፤ ስሄድ ይቀንሳሉ። ከረጢቱ ከኋላቸው ነው፤ አንድም ቀን አላየሁም።

«ለምን እትዬ ወርቄ?» አልኩ በመጨረሻ።

«እንግዳ ሲመጣ ቤቴን አልጠርግም እንዴ?» አሉኝ። «ወርቄ መደብ አሳነሰች ተብሎ ስሜ መንግሥት መዝገብ ላይ ይግባ? ለአንቺስ ቀጭን መደብ እንዴት አድርጌ ነው የማቀርብልሽ? ያፈርኩት እኮ አንቺን ነው።»

ሃና ቅድም ያልተቀመጠችበት ሣጥን ላይ ተቀመጠች። ሳቀች። መጀመሪያ አፏን ይዛ፣ ከዚያ ታብሌቱን እቅፏ ውስጥ ጥላ። የሽንኩርቷ ሴት ሳቀች፣ ቀጥሎ ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። እኔ እኮ በእያንዳንዱ ወር ሄጃለሁ፣ በእያንዳንዱ ወር በትክክል መዝኛለሁ፤ የጻፍኩት ግን ማንም ገዢ ያላገኘው ድንች ነው። አንዲት ሴት ልጆቿን ይዛ እዚያ መጥታ አምስት ድንች ስትገዛ እኔ ስምንት ብያለሁ። እሷ ተወደደብኝ ትላለች፣ የእኔ ቁጥር አልተወደደም ይላታል። ይህን ሳስብ የንዴቴ አቅጣጫ ጠፋኝ።

ቁጭ ብዬ አስረዳኋቸው። ቁጥሩ ውስጥ የማንም ሻጭ ስም እንደማይወጣ፣ እሳቸው ድንች ያሳነሱት ጅምላው ስለተወደደባቸው እንደሆነ፣ ያ ቀጭን መደብ ካልተጻፈ ግን ኑሮ መክበዱ እንደማይታይ ነገርኳቸው። እትዬ ወርቄ አዳመጡኝ፤ ፊታቸው ግን እንደጠቆረ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይስሙኝ ተለያየን።

ሪፖርቱን ራሴ በወረቀት ጻፍኩ። የሄድኩ መሆኔን፣ የመዘንኩ መሆኔን፣ የተመዘነው ግን ለእኔ ተብሎ የተዘረጋ መሆኑን። በአቶ ሰይፉ ደንብ መሠረት አንድም ነገር አላጠፋሁም፤ የሰባቱን ወር ቁጥር በመስመር ሰርዤ ምክንያቱን ከጎኑ አሰፈርኩ። ሃና ፈረመችበትና መስክ ላይ እንድቆይ ወሰነች። እግረ መንገዷን ስህተቱ የሀገሩን ቅርጫት ምን ያህል እንዳነቃነቀ አስልታ አሳየችኝ። ምንም። አንዲት የጉሊት ድንች፣ ከስንት ገበያ አንዷ። ሰባት ወር የሠራሁት ኃጢአት ነጥብ እንኳ ፈቀቅ አላደረገም። እውነት ለመናገር ትንሽ ቅር አለኝ።

አሠራሬን ግን ቀየርኩ። ገበያ ስደርስ ታብሌቱን ቦርሳ ውስጥ ከትቼ ሌላ ሰው ሲገዛ ከኋላው እቆማለሁ። ገዢው ሲከፍል አስፈቅጄ የገዛውን እመዝናለሁ። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ይፈራል፣ አንድ ጎረምሳ ድንቹን ይዞብኝ ሮጧል። በመጀመሪያው ወር ከእትዬ ወርቄ ገዢ ኋላ እንዲህ ስቆም አዩኝ፤ ልጄ አላሉኝም። የሽንኩርቷ ሴትም አልጮኸችም። በሁለተኛው ወርም እንዲሁ። ጉሊቱን ያጣሁት መሰለኝ፤ ቁጥሬ ግን እንደ ሌላው ገበያ ወደ ላይ ይሄድ ነበር።

በሦስተኛው ወር የሚገዛ ሰው ጠፋ። ዝናብ ነው። አንዱ ጃንጥላ ሥር ቆሜ ገዢ እጠብቃለሁ። እትዬ ወርቄ ከተቀመጡበት ሆነው ጠሩኝ። ስጠጋ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው በእጃቸው መደቡን አመለከቱኝ። አራት ድንች ነበር፤ አንዱ የተቆረጠ።

«ነይ መዝኚ» አሉኝ። «ቀጭን ነው። እንደሆነ አድርገሽ ጻፊው።»

መዘንኩ፣ ጻፍኩ። ሁለት ጊዜ መዘንኩት። እትዬ ወርቄ እስክጨርስ ድረስ ፊታቸውን አላዞሩም። ስጨርስ ሳሙኝ፤ እኔም ዝናቡ ውስጥ እንደ ሞኝ እየሳቅሁ ወደ ጠጅ ቤቱ ሄድኩ።

ዛሬ ያ ጉሊት የለም። የካዛንቺሱ መንደር ፈርሶ ሰዉ ሲበተን ታብሌቴ ላይ ሱቅ በሱቅ «ተዘግቷል» የሚለውን ነካሁ፤ ጠጅ ቤቱንም ጭምር። ያን ወር ሳልስቅ ጨረስኩት። እትዬ ወርቄ አሁን ጎተራ ኮንዶሚኒየም ሥር ያችን ሰፊ ጃንጥላ ተክለዋል። እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ድንች ልገዛ ከደንበል በታክሲ እሄዳለሁ፣ ለታክሲው የማወጣው ከድንቹ ይበልጣል። ከእኔ በፊት ለቆመችው ሴት አራት ይሰጧታል። ለእኔ ሰባት ይሆናል፣ ከዚያም ምርቃት። ቆጥሬ ዝም እላለሁ።

በቦታዬ የገባችው ልጅ ምን ልወቅ ብላ ጠይቃኝ ነበር። የነገርኳት ይህን ብቻ ነው፦ ከገዢው ኋላ ቁሚ፣ የተሸጠውን መዝኚ።